ቁጣና ሚዛን

(የጥናት ምንባብ፦ ነህምያ 5፥1-13)

 

ክርስቲያን ሊቆጣ ይገባዋልን? ብዙዎቻችን ቁጣ ሁሉ ኃጢአት ነው እንላለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለኤፌሶን ምእመናን ሲጽፍ (4፥26) የከለከለው በቁጣ ኃጢአት መሥራትንና ቁጣን ማሳደርን ነው። እንግዲህ ራሳችንን መጠየቅ ያለብን፦ በምን እንቆጣለን? ተቆጥተንስ ምን እናደርጋለን? ብለን ነው።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት ገደማ፥ ድሆች ወደ እርሱ ጮኹ። በራብና በንጉሡ ግብር ምክንያት እርሻቸውንና ቤታቸውን አስይዘው ነበር፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት እስከ መስጠት ደርሰው ነበር። አበዳሪዎቹ ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወንድሞቻቸው ነበሩ። ነህምያም ይህን ሰምቶ እጅግ ተቆጣ። ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ እንበል፦

1ኛ. አስቀድሞ በልቡ አሰበ፤ አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

2ኛ. በሰዎቹ ጀርባ አላማም። ታላላቆቹን ፊት ለፊት ገሠጸ፤ የወሰዱትንም እንዲመልሱ ጠየቀ።

3ኛ. ራሱን ከተወቃሾቹ ለይቶ አላወጣም። እርሱና ወገኖቹም ገንዘብና እህል ማበደራቸውን ተናግሮ፥ ሁሉም በአንድነት ወለዱን እንዲተዉ ለመነ።

ይህ ሦስተኛው እኔን ነክቶኛል። ከትምህርት በተረፈኝ ጊዜ በአንድ ዘመዴ ሱቅ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሚዛኑን ስወለውል ከእህሉ ሳህን ሥር የተለጠፈች ትንሽ ብረት አገኘሁ። በደንበኞች ፊት ጮኼ ዘመዴን ሰድቤ ወጣሁ፤ ጻድቅ የሆንሁም መሰለኝ። ማታ ግን ኅሊናዬ ጠየቀኝ፦ ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ሚዛን ሲመዝን የነበረው ማን ነው? ደመወዙንስ የበላ ማን ነው? እንደሚያጎድል ጠርጥሬ ዝም ብዬ አልነበረምን? ስድቤስ ለአንዲት እናት እንኳ የጎደለባትን ምስር መለሰላትን?

በማግሥቱ ተመልሼ ስለ ስድቡ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ጋሼ፥ ብረቱ ካልተነሣ ግን አልመዝንም» አልሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እንግዲያው እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ» አለኝ። ሥራዬን አጣሁ። ከመጨረሻው ደመወዜ ምስር ገዝቼ፥ ዘወትር ከእኔ ትገዛ ለነበረች ጎረቤታችን የጎደለባትን አደረስሁላት፤ ምክንያቱንም ሳልደብቅ ነገርኋት። ያን ሌሊት ቁጣዬ አላደረም።

ወንድሞችና እኅቶች፥ እግዚአብሔር ለእስራኤል እውነተኛ ሚዛን እንዲኖራቸው ያዘዘው (ዘሌ. 19፥35-36) ገበያውም የእርሱ ስለሆነ ነው። የጽድቅ ቁጣ የሚታወቀው በድምፁ ከፍታ አይደለም፤ የተበደለው ሰው ድርሻ በመመለሱ ነው።

ለመወያየት፦

ሀ. ተቆጥተን ራሳችንን ያልመረመርንበት ጊዜ አለን?

ለ. በሥራችን ወይም በትምህርታችን የምናውቀው «የተለጠፈ ብረት» ምንድር ነው?

ጌታ ልባችንንም ሚዛናችንንም ያቅናልን። አሜን።