የቴፕ ሄድ ሲቆሽሽ የካሴት ድምፅ ለምን ይታፈናል?

በደምቢያ፣ በኮላ ድባና በአካባቢዋ፣ ከሣጥን ግርጌ የተቀመጠ ካሴት ያለው ቤተሰብ ዛሬም አይጠፋም። ከነዚህ መካከል በገበያ የማይገኙ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸውም አሉ፤ የሠርግ ዘፈን፣ ቀረርቶ፣ ከስደት በድምፅ የተላከ ደብዳቤ። ድምፁ ታፍኖ ሲሰማ ብዙ ሰው «ካሴቱ ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። በእኛ አስተያየት ግን ከመጣሉ በፊት መመርመር ያለበት ቴፑ ነው።

ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ክሩ 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ድምፅ በክሩ ላይ እንደ መግነጢሳዊ ሞገድ ይቀረጻል። የሞገዱን ርዝመት ለማግኘት የክሩን ፍጥነት በድምፁ ድግግሞሽ ማካፈል ይበቃል፤ 500 ሄርዝ ለሆነ ድምፅ 95 ማይክሮ ሜትር ያህል፣ ለ5000 ሄርዝ ደግሞ 9.5 ማይክሮ ሜትር ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ በሄዱ ላይ 5 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው እድፍ ተጋገረ እንበል። ይህ እድፍ ክሩን ከሄዱ ያርቀዋል። ሄዱ የሚያነበው ኃይል ደግሞ ርቀቱ ከሞገዱ ርዝመት አንጻር ባደገ ቁጥር በፍጥነት ይወድቃል። ስሌቱ እንደሚያሳየው የ500 ሄርዙ ድምፅ 72 በመቶው ሲተርፍ፣ የ5000 ሄርዙ ወደ 27ኛ እጅ ይወርዳል። አናባቢዎች ይሰማሉ፤ እንደ ‹ሰ› እና ‹ሸ› ያሉት ግን ይጠፋሉ። «ሰላም» ያለው ሰው «አላም» ያለ ይመስላል። ክሩ ግን ምንም አልሆነም።

በበጋ ከጥቁሩ የደምቢያ ሜዳ የሚነሣው አቧራና ከክሩ የሚራገፈው ዱቄት ተደባልቀው ይህን እድፍ ይሠራሉ። ለማጽዳት አስቀድሞ ቴፑን ከኤሌክትሪክ መንቀል፣ ድንጋዩንም ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ባዶውን ቴፕ የማጫወቻ ቁልፉን ሲጫኑት ሄዱ ወደ ፊት ይወጣል። ጥጥ በጠለቀበት ቀጭን እንጨት፣ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መጥረግ ነው። አረቄ ለዚህ አይሆንም፤ ውኃው ብዙ ነው። ክሩን የሚጎትተውን ቀጭን የብረት ዘንግም እንዲሁ ማጽዳት ይገባል፤ ዘንጉን የሚጫነው የጎማ ተሽከርካሪ ግን በአልኮል ብዛት ስለሚደርቅ በውኃ የረጠበ ጨርቅ ይበቃዋል። መግነጢስ ያለበት ጠመንጃ መፍቻ ወደ ሄዱ ፈጽሞ አይጠጋ።

ድምፁ ጎርነን ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው። የሞተሩ የጎማ ቀበቶ ላልቶ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ የ120 ሄርዝ ድምፅ 108 ሄርዝ ሆኖ ይወጣል። ይህ በማጽዳት አይድንም፤ ቀበቶው ይለወጣል።

ከጥገና በኋላ መጀመሪያ የሚገባው ቢጠፋም የማያሳዝን ካሴት ነው። ብርቁን ካሴት ከማስገባታችን በፊት በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች እንሰብራለን፤ ያን ጊዜ የመቅጃው ቁልፍ ቢነካ እንኳ አይጫንም። በመስኮቱ በኩል ነጭ ሻጋታ ከታየ አይጫወት፤ ሻጋታው ወደ ሄዱ ይራገፋል። ንጹሕ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ማጫወት ላይ ከቴፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በሽቦ ማስተላለፍና ወዲያው መቅዳት ይሻላል።