ዓይን ያየውን በእጅ ስለ መሣል

ሥዕል ለኢትዮጵያ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በየደብሩ ግድግዳ፣ በብራና መጽሐፍ ገጽ፣ በእንጨት ገበታም ላይ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲሣል ኖሯል። ዳሩ ግን የቀድሞው ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከመምህሩ የተቀበለውን ሥርዓት ጠብቆ ነበረ እንጂ፣ ከሜዳ ወጥቶ ዛፉንና ወንዙን፣ መንገደኛውንና ነጋዴውን እየተመለከተ አልነበረም። ስለዚህ ብዙዎች ሽማግሌዎች ሥዕል ሲባል የቅዱሳንን ሥዕል ብቻ ያስባሉ። ልጅ በደብተሩ ጥግ የበሬ ወይም የአውቶቡስ መልክ ሲጭር ያዩት እንደ ሆነ ዋዛ ፈዛዛ ነው ብለው ይቆጡታል፤ ወረቀቱን የሚቀድበት መምህርም አይታጣም። ይህ ቁጣ ጉዳት አለው፤ ልጁ ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ሳይሆን አጥብቆ መመልከትን እየተማረ ነበርና።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸው በሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ከሓድያን ግን በጎን፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ስለ ዓድዋ ጦርነት ከተሣሉት ሥዕሎችም ብዙዎቹ ይህንኑ ተከትለው የኢትዮጵያን ሠራዊት ፊት ለፊት፣ የጣልያንን ሠራዊት በጎን ያሳያሉ። ይህ ሥርዓት ለቦታው የተገባ ነው፤ ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ወዳጅንና ጠላትን ሳይሳሳት ይለይበታል። ነገር ግን የዕለት ኑሮን የሚሥል ሰው ይህን ሕግ ይዞ ቢወጣ ሥራው ይሰናከልበታል። ቡና የምታፈላ ሴት አንድ ዓይኗ ብቻ ቢታይ፣ ተመልካቹ በጎኗ ስለ ቆመ ነው እንጂ ክፉ ስለ ሆነች አይደለም። በሥርዓት የሠለጠነ እጅ ግን ይህን መቀበል ይጨንቀዋል፤ ሁለተኛውን ዓይን ለመጨመር ይቸኩላል። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው፤ የሚያውቁትን ለጊዜው ትቶ የሚያዩትን መሣል።

በዚህ መንገድ ቀድመው የሄዱ ኢትዮጵያውያን አሉ። አገኘሁ እንግዳ በ1919 ዓ.ም. ገደማ ወደ ፓሪስ ተልኮ የሥዕል ትምህርት ተምሯል። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስሙ ይጠራል። ሆኖም እዚህ የታሰበው ሠዓሊ ማፍራት አይደለም። መምህር ከሥራው በኋላ፣ ሽማግሌም በዕረፍቱ ሰዓት፣ ለደስታውና ለዓይኑ መንቃት የሚለማመደውን ለማመልከት ነው።

ለልምምዱ የሚሆነውን ስፍራ በሩቅ መፈለግ አያሻም። በሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በሐዋሳ መናኸሪያ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። አውቶቡስ የሚነሣበትና የሚያርፍበት እንዲህ ያለ ስፍራ ለጀማሪ ከተራራ ይልቅ ይሻላል። ጓዙን ተደግፎ ተራውን የሚጠብቅ መንገደኛ ብዙ ሳይንቀሳቀስ ይቆያልና፤ ጀርባው ወዴት እንዳዘነበለ፣ ክብደቱ በየትኛው ክንድ ላይ እንዳረፈ በጸጥታ መመርመር ይቻላል። ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ አዲስ አበባ እያለ የሚጣራው ረዳት ግን አይጠብቅም። ለእርሱ አምስት ወይም ስድስት መስመር ይበቃል፤ የተዘረጋው ክንድ፣ የተቀለበሰው አንገት፣ ወደ ፊት የወጣው እግር። ቀሪውን ከሐሳብ እጨምራለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል። ተሸካሚውም ያስተምራል። የጭነት ክብደት የሚታወቀው በጭነቱ ትልቅነት ሳይሆን በተሸካሚው አንገትና ጉልበት ነው፤ ትልቅ ከረጢት ሥሎ ከሥሩ ቀጥ ያለ ሰው ያቆመ ተማሪ ገለባ አሸክሟል።

ከዚያ ወደ ሐይቁ መውረድ ይገባል። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለ ሆነ፣ በጧት ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ ወጥታ ውኃውንና ማዶ ያሉትን ኮረብቶች ታበራለች፤ ወደ ማታ ግን በውኃው ላይ ስትጠልቅ ጀልባውም ዓሣ አጥማጁም ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። አንዱን ስፍራ በሁለቱ ሰዓት የሣለ ሰው ስለ ብርሃን ከብዙ ንግግር የበለጠ ይማራል። አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ቆሮሶና አምባዛ ሲገፈፍ፣ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ አሞራ ቆሞ ትራፊውን ይጠብቃል። ራሱ መላጣ፣ ምንቃሩ ረጅም፣ ከአንገቱም ከረጢት የተንጠለጠለ ነው። ከወፍ ሁሉ ለጀማሪ የሚመቸው እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ካባ ደርቦ ችሎት እንደሚጠብቅ ባላጋራ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማልና።

በገጠር ትምህርት ቤት መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ችግር ይህ ነው። ልጁ አውቶቡስን ከጎን እየሣለ አራቱንም ጎማ ያሳያል፤ አራት መሆናቸውን ያውቃልና። በዚህ ጊዜ ተሳስተሃል ብሎ መሰረዝ አይገባም፤ ወደ መንገድ ወስዶ “ከዚህ ቆመህ ስንት ጎማ ታያለህ?” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እንዲሁም ልጁ እርሳሱን ይዞ ክንዱን በሙሉ ይዘርጋ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቅርብ ያለውን የእንሰት ቅጠል በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቱ ይለካ፤ ቀጥሎም በሩቅ ያለውን ኮረብታ ይለካ። ቅጠሉ ከኮረብታው በልጦ ቢያገኘው ይደነቃል፤ ሲሥለውም በልጦ እንዲታይ ያድርግ።

የወረቀትና የቀለም እጦት ሰበብ ሊሆን አይገባም። የተቀባ ሰሌዳ፣ የካርቶን ቍራጭ፣ የጭቃ ግድግዳም ያገለግላል። ከሰል ጥቁር መስመር ይሰጣል፤ ኖራ ነጭ ነው፤ እርድ ቢጫ፣ የቡና አተላ ቡናማ ይሆናል፤ ቀይ አፈር ተፈጭቶና ተነፍቶ በውኃ በሟሟ የግራር ሙጫ ሲለወስ ይይዛል። ጥላሸትን በሙጫ ለውሶ በመቃ ብርዕ መጻፍን ካህናቱ ስለሚያውቁ፣ በአጥቢያው ያሉትን መጠየቅ መልካም ነው።

የሽማግሌዎች ድርሻ ግን ከቀለም ይበልጣል። በቀርከሃ የተሠራው የሲዳማ ቤት በብዙ ስፍራ በቆርቆሮ ቤት እየተተካ ነው። ልጁ እንዲህ ያለውን ቤት ሲሥል ሽማግሌው በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ምሰሶውን፣ ማገሩን፣ የከብቱን ስፍራ፣ የእሳቱን ስፍራ በሀገሩ ቋንቋ እየጠራ ይንገረው፤ ልጁም ከሥዕሉ ጎን ስሙን ይጻፍ። ፎቶግራፍ መልኩን በቅጽበት ያስቀራል፤ ማገሩ በምን እንደ ታሰረ ግን ሳይጠይቅ ለመሣል የሚችል የለም። ስሙን የሚያውቀው ሽማግሌ ካለፈ በኋላ ቢጠየቅ መልስ አይገኝም።

ሰውን የሚሥል ሁሉ አስቀድሞ ሰላምታ ይስጥ፤ ያስፈቅድም፤ የተሣለውም ሰው ልይ ቢል ያሳየው። ጥበቃ የቆመበትን የመንግሥት ስፍራ ያለ ፈቃድ መሣል አይገባም። በእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ ቀኑ፣ ሰዓቱና ስፍራው ይጻፍበት። በከሰል የተሣለው ሲነካ ስለሚደበዝዝ በሁለት ሥዕል መካከል ንጹሕ ስስ ወረቀት ይግባ፤ ጢስና ጠፈጠፍ ከማይደርስበትም ሣጥን ይቀመጥ።