ያልለየለት ውጤት፦ የኸርፐስ ምርመራና ሁለት እጮኛሞች

እኔ ነጌሌ ቦረና ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት በምክርና ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሰሞን ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ትምህርት ልሰጥ ሄጄ የጥያቄ ሣጥኑ ሲከፈት አንዲት ቁራጭ ወረቀት እጄ ገባች። “ሲስተር፣ ምርመራ ይዋሻል ወይ?” ትላለች። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሁለት ልጆች ትዝ አሉኝ። እዚያው ቆሜ የመለስኩት መልስ አጭር ስለነበር ዛሬ በሰፊው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ልጁ ሾፌር ነው። በአይሱዙ ከሻሸመኔ ነጌሌ፣ ከነጌሌ ደግሞ ወደ ፊልቱና ዶሎ ዕቃ ያመላልሳል። ልጅቷ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች። (ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ እንዳይታወቁ ግን አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።) ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ሠርጉ ለሚያዝያ ተቆርጦ ነበር። መቼም በእኛ አካባቢ ሾፌር ሊያገባ ነው ከተባለ የሰው የመጀመሪያ ጥያቄ “ተመርምሯል?” ነው። ሁለቱም እኔው ዘንድ መጥተው የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገዋል፤ ሁለቱም ነጻ ነበሩ። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሆኖም አዲስ አበባ ያለችው የልጅቷ አክስት “ኑና ሙሉ ቼክ አፕ አድርጉ፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ” አለቻቸው። ሄዱ። በአንድ የግል ላቦራቶሪ ደም ሰጡ።

የልጁ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ነው። የልጅቷ ላይ ግን አንድ መስመር በደማቁ ተጽፏል፤ “ኤች ኤስ ቪ 2፣ አይ ጂ ጂ፦ 1.7፣ ፖዘቲቭ”። ወረቀቱን የሰጣቸው ሰው “ኸርፐስ ነው፣ የአባላዘር በሽታ ነው” ከማለት ሌላ ምንም አላስረዳቸውም። ከአዲስ አበባ ነጌሌ ወደ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

በማግስቱ ወደ እኔ መጡ። እዚህ ላይ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ወረቀቱን ስቀበል ዓይኔ ያረፈው “ፖዘቲቭ” የሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ያለውን ቁጥር አላየሁትም። ስንት ዓመት ምክር ስሰጥ የኖርኩ ሴትዮ ልጁ እዚያው ተቀምጦ “እስቲ አስታውሺ፣ ከዚህ በፊት ከማን ጋር ነበርሽ?” ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። “ሲስተር፣ እኔ እስከ ዛሬ ወንድ አላውቅም” አለች። ልጁ ወደ እሷ ሳይዞር “ታዲያ ከአየር ላይ መጣ?” አለና ወጥቶ ሄደ።

እሷ ከሄደች በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ሐዋሳ ወዳለ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስልክ ደወልኩ፤ በአንድ ወቅት ሥልጠና የሰጠን ሰው ነው። ታሪኩን ስተርክለት አቋረጠኝና “ቁጥሩ ስንት ነው?” አለኝ። ቁጥሩን አላስታወስኩትም። እንዴት እንዳፈርኩ!

ለመሆኑ ኸርፐስ ምንድነው?

ስሙ ባዕድ ይምሰል እንጂ በሽታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከንፈር ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ቁስሎች ሲወጡ “ምች መታኝ” እንል የለ? ዳማከሴ የምንታሸው? ያ የከንፈር ቁስል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ኤች ኤስ ቪ 1 በሚባለው የኸርፐስ ቫይረስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች 64 በመቶው ይህ ቫይረስ ነበረባቸው። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከቤተሰብ በመሳሳም ይይዘዋል። አልማዝ ባለጭራም የዚሁ ቤተሰብ የሆነ የሌላ ቫይረስ ሥራ ነው።

ኤች ኤስ ቪ 2 የምቹ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት መተላለፉና በብልት አካባቢ መቀመጡ ነው። በዚያው በ2020 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሰዎች 520 ሚሊዮን ያህሉ ይህ ቫይረስ እንደነበረባቸው ተገምቷል። አዲስ አበባ ላይ የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙ ሁለት ቅኝቶችም በእኛም አገር ከተሞች ውስጥ እንግዳ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ከያዘ አይለቅም። ይሁንና አብዛኞቹ ሰዎች ምልክት የላቸውም፣ ወይም ምልክቱ በጣም ቀላል ስለሆነ ልብ አይሉትም። ቁስሉ ሲወጣ አሳይክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ያሳጥረዋል፣ ሕመሙንም ያቀልለዋል።

“ታዲያ ስለ ኤች አይ ቪ በሚጻፍበት መጽሔት ላይ ምን አመጣው?” ትሉኝ ይሆናል። ኤች ኤስ ቪ 2 ያለበት ሰው በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ ወደ ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ይላል። ቁስሉ ለኤች አይ ቪ በር ይከፍትለታል፤ ቁስሉ ባይታይ እንኳ ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው ሕዋሳት በዚያ አካባቢ ይሰባሰባሉ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የደም ምርመራው ቫይረሱን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። መሣሪያው አንድ ቁጥር ያወጣል። በብዙዎቹ መርመሪያዎች ከ0.9 በታች ነጌቲቭ፣ ከ0.9 እስከ 1.1 ያለው ያልለየለት፣ ከ1.1 ጀምሮ ፖዘቲቭ ይባላል። ችግሩ ያለው ፖዘቲቭ በሚባለው በታችኛው ጫፍ ላይ ነው። እስከ 3.0 ያለው ዝቅተኛ ፖዘቲቭ ብዙ ጊዜ የውሸት ሆኖ ይገኛል። የምቹ ቫይረስ አንቲቦዲም መርመሪያውን ሊያሳስተው ይችላል። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም እነዚህ መርመሪያዎች በእኛ አካባቢ ሕዝብ ላይ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ሲወጣ ደንቡ ምርመራውን በሌላ ዓይነት ዘዴ መድገም ነው።

ሒሳብ የምትወዱ ተማሪዎች እስክሪብቶ አንሡ። አንድ የአሜሪካ የሐኪሞች ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ስሌት ነው። 10,000 ሰው ይመርመር፤ ከእነሱ 15 በመቶው፣ ማለትም 1,500ው ኤች ኤስ ቪ 2 አለባቸው እንበል። መርመሪያው ካለባቸው መቶ ሰዎች 99ኙን በትክክል ይይዛል፤ 1,485 እውነተኛ ፖዘቲቭ ይወጣል። ከሌለባቸው መቶ ሰዎች ግን “የለበትም” የሚለው 81ዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ከ8,500 ጤነኞች 1,615ቱ ያለ በሽታቸው “ፖዘቲቭ” ይባላሉ። ግማሽ በግማሽ በሉት! አሁን ደግሞ ከ10,000ው ቫይረሱ ያለባቸው 100 ብቻ ቢሆኑስ? እውነተኛው 99፣ የውሸቱ 1,881 ይሆናል። እንግዲህ ምልክት የሌላት፣ ወንድ የማታውቅ ልጅ የምትመደበው በየትኛው ሰልፍ ውስጥ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ያው ግብረ ኃይል ምልክት የሌለው ሰው ለኸርፐስ በደም እንዳይመረመር በ2016 የመከረው፣ በ2023ም ያንኑ የደገመው በዚህ ምክንያት ነው። ቁስል ሲወጣ ከቁስሉ በጥጥ ተወስዶ የሚደረገው ምርመራ ከደሙ ምርመራ በብዙ ይሻላል፤ ምርመራው በሌለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ባለሙያ ቁስሉን አይቶ ሕክምና ይጀምራል።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲህ በአንድ ወረቀት አይቋጭም። ፖዘቲቭ ለመባል በተከታታይ የተለያዩ መርመሪያዎች መስማማት አለባቸው፤ ካልተስማሙ ሰውየው ከ14 ቀን በኋላ ተመልሶ ይመረመራል፤ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትም ምርመራው ይደገማል። ይህ ጥንቃቄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአገራችን ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ሁለት መርመሪያ ሲጣላ ሦስተኛውን እንደ ዳኛ ቆጥሮ ውጤት መስጠት ኤች አይ ቪ የሌለባቸውን ሰዎች “አለባችሁ” እንደሚያሰኝ ታይቷል። ስለዚህ “ኸርፐሱ ከተሳሳተ ኤች አይ ቪውም ውሸት ነው” ብሎ መድኃኒት የሚያቆም ሰው ካለ ራሱን እየጎዳ ነው።

ሦስቱ ወራት

ወደ ልጆቹ ልመለስ። ልጁ ለሦስት ሳምንት ጠፋ። ጓደኞቹ “ተው ይቅርብህ፣ ሌላ ሞልቷል” ይሉታል። የልጅቷ እናት ምኑንም ሳታውቅ “ልጄን ምን ነካት?” እያለች ጸበል ትወስዳታለች። አንድ ቀን ማታ ተራ ልለቅ ስል ልጁ ብቻውን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። “ሲስተር፣ ዕድሜ ልኬን ሾፌር ነህ ተብዬ ሰው ሲጠረጥረኝ ኖሬ አሁን እኔው ጠርጣሪ ሆንኩ” አለኝ።

በማግስቱ ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀመጥኳቸውና መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከማን እንደያዛት መጠየቄ ስሕተት እንደነበር፣ ውጤቱ እውነት ቢሆን እንኳ አንቲቦዲ መቼና ከማን እንደመጣ ሊናገር እንደማይችል ነገርኳቸው። ያንን የ10,000 ሰው ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠራሁላቸው። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ በየጊዜው ምች እንደሚመታት የነገረችኝ ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ልጁን ለብቻው አነጋገርኩት። የእሱስ ወረቀት? ነጌቲቭ ማለት ሁልጊዜ ነጻ ማለት አይደለም፤ አንቲቦዲው ደም ውስጥ እስኪታይ 12 ሳምንት ያህል ሊወስድ ይችላል። በመስኮት ወቅት ላይ ያለ ሰው ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ቫይረሱ ሊኖርበት ይችላል። ምን እንደመለሰልኝ እዚያች ክፍል ውስጥ ይቀራል። ስንወጣ ግን እጮኛውን “እኔም ካንቺ ጋር እደገማለሁ፤ ኤች አይ ቪውንም ጭምር” አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

ሠርጉን ወደ ጥር አዛወሩት። ለቤተሰብ “ቤቱ አላለቀም” አሉ፤ እውነትም ቆርቆሮው ገና አልተመታም ነበር። እስከዚያው ለመታቀብ ተስማሙ። ከሁሉ የከበዳቸው ይህ እንዳይመስላችሁ፤ የከበዳቸው ዝም ማለቱ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጁ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱ ከዶሎ ሲመለስ፣ ስለ ወረቀቱ ይነጋገራሉ፤ በሌላው ቀን አያነሡትም። እሱ ሲቆጣ “ዛሬ ቀኑ አይደለም” ትለዋለች። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም። እንዲያውም ከእነሱ ተምሬ ለሌሎች ጥንዶች እነግራለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ላቦራቶሪ፣ በሌላ ዓይነት መርመሪያ ተመረመሩ። የልጁ በሁለቱም ነጌቲቭ ሆነ። የልጅቷ 0.98 ወጣ። ከ0.9 እስከ 1.1 ያለችው ቦታ ላይ፣ መሐል ሠፋሪ! የሐዋሳውን ባለሙያ ደወልኩለት። “የሁለት መርመሪያ ቁጥር እንደ ሚዛን ኪሎ አይነጻጸርም። ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን አልደገፈውም። የመጀመሪያው የውሸት መሆኑ ያመዝናል፤ ማኅተም አድርገህ ስጠኝ ካልሽኝ ግን አልሰጥሽም” አለኝ።

ይህንኑ እንዳለ ነገርኳቸው። ሦስተኛ ምርመራ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ተያዩ። “ይበቃናል ሲስተር” አለች እሷ። ቁስል የሚመስል ነገር ከወጣ ግንኙነት አቁመው በዚያው ቀን ሊመጡ፣ ለማርገዝ እስኪወስኑ ድረስ በኮንዶም ሊጠቀሙ፣ ስታረግዝ ደግሞ ለሚከታተላት ባለሙያ ሊናገሩ ተስማሙ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። እናት በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ኸርፐስ አዲስ ከያዛት፣ ወይም ምጥ ሲጀምራት ቁስል ካለባት፣ ሕፃኑን በከባድ ሊጎዳው ይችላል፤ በቀዶ ጥገና እንድትወልድ የሚደረግበትም ጊዜ አለ።

በጥር ተጋቡ። ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀምጠውኝ ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ሰኞ ጠዋት ለእርግዝና ክትትል መጣች። እሱም አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ አብሯት ገባ። ካርድ አወጣሁና ገና “ከዚህ በፊት የነበረብሽ ሕመም...” ብዬ ሳልጨርስ፣ እሱ ከደረት ኪሱ ሁለቱን ወረቀቶች በፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። “ቁጥሩን ይዩት፣ ሲስተር” አለኝ።