ከደጋ ቁር ወደ ቆላ ንዳድ

በዓመቱ መጨረሻ ከየትምህርት ቤቱና ከየዩኒቨርሲቲው ተመልሰን በላሊበላ ስንገናኝ ከጨዋታችን መካከል የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህን ብርድና ይህን ድንጋይ ታቅፈን እስከ መቼ እንኖራለን? ሞቃት አገር፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ወርደን ብንኖር አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ወላጆቹ ወደ መተማ ወይም ወደ ቋራ ለመሄድ የሚመካከሩበት አለ። ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በዚያው የቀረ ወንድም ያለውም አለ። በዩኒቨርሲቲ ምደባ ሰመራ ደርሶት፣ ሙቀቱ አላስተኛው ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ደጅ ያደረም አለ። ስለዚህ ደጋንና ቆላን አስተያይተን ለማየት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ ብርዱን እንመልከት። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላያችን ያለው አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,200 ሜትር ያልፋል። አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። እንግዲህ ከከተማችን ተነሥቶ አቡነ ዮሴፍን የሚወጣ ሰው ደጋውን አቋርጦ ውርጭ ይገባል ማለት ነው። የአገራችን ሰው ምድሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ሲከፍል ቴርሞሜትር አልያዘም ነበር። ጤፍ የሚያበቃበትን፣ ገብስ ብቻ የሚቀርበትን፣ ገብስም የሚያቅተውን ቦታ እያየ ነው የከፈለው።

በአማርኛችን በረዶ ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጣራችንን የሚደበድበው ጠጠርም በረዶ ነው። የእኛ ጠጠሩ ነው። ይህ ጠጠር የሚሠራው ወደ ላይ በተቆለለ ጥቁር ደመና ውስጥ፣ ነፋስ የውሃውን ጠብታ ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ መልሶ መላልሶ ሲያነሣው ነው። ወደ ቆላ የሚወርደው ረጅም መንገድ በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚጓዝ አብዛኛው ቀልጦ ዝናብ ይሆናል። የደጋ መሬት ግን ለደመናው ቅርብ በመሆኑ ጠጠሩ ሳይቀልጥ ይደርሳል። ያሸተ ገብስ ላይ ከወረደ የዓመቱን ቀለብ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከጭቃ ጋር ይደባልቀዋል። የሚያስገርመው ደግሞ የአንዱን ማሳ መትቶ ድንበርተኛውን ሳይነካ ማለፉ ነው። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ቦታ በረዶ እንመልሳለን እያሉ ከገበሬው እህል የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ያመለጠው ማሳ ሁልጊዜ ስለሚኖር የሚያሳዩት ማስረጃ አያጡም ነበር!

ሁለተኛው የብርድ ጠላት ውርጭ ነው። እርሱ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ነው። ምድር በቀን የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያስቀረው ነበር፤ ሰማዩ ሲራቆት ግን ሙቀቱ ሁሉ ይሄዳል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለሆነም የሜዳው ባቄላ ጠቁሮ ሲያድር ከተረተሩ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ገበሬዎቻችን በከፍታውም በዝቅታውም ቁርጥራጭ ማሳ መያዛቸውን ከሩቅ የሚያይ ሰው እንደ ኋላ ቀርነት ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን በረዶም ሆነ ውርጭ ሁሉንም በአንድ ሌሊት እንዳይወስድ የሚያደርግ ዘዴ ነው።

ሰውነትን ከቁር ለመከላከልም የቀረ ዘዴ የለም። በላስታ በድንጋይ የተሠራው ባለ ደርብ ክብ ቤት ከብቱን ከታች፣ ሰውን ከላይ ያሳድራል፤ የከብቱም ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል። ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና፣ የአብነት ተማሪው ደበሎ፣ እረኛው በዶፍ ውስጥ የሚደፋው የሣር ገሳ ሁሉም ከዚያው ከደጋው የተገኙ ናቸው። ይሁን እንጂ ብርዱ ዋጋውን ሳያስከፍል አይቀርም። ጭስ መውጫ የሌለው ቤት የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ብርድ ፈርተን ልብሳችንን ሳናጥብ ስንከርም የልብስ ቅማል ይራባል፤ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት የሚተላለፉትም በዚህ ቅማል ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የማገዶው ነገር ይመስለናል። እንጨቱ ካለቀ በኋላ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበቱ ደግሞ ማሳ ላይ ቢውል ማዳበሪያ ይሆን ነበር። እንዲህ ሲሆን የዛሬ ሌሊት ሙቀታችን ከሚመጣው ዓመት ገብሳችን ላይ እየተቀነሰ ነው። ብርድ እህላችንን የሚወስደው በበረዶ ብቻ ነው ብለን የምናስብ ይህን ብናሰላው መልካም ነው።

ወደ ቆላው እንውረድ። አባቶቻችን ቆላን አያውቁትም ነበር ማለት ስሕተት ነው። ሞፈር ዘመት የሚባለውን ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ገበሬው ቤቱን በደጋ አድርጎ፣ ሞፈር ቀንበሩን ተሸክሞ በሬውን እየነዳ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ማሽላውንና ጤፉን ዘርቶ ወደ ደጋ ቤቱ ይመለሳል። ሲደርስለት ደግሞ ወርዶ ይሰበስባል። ደጋው በውርጭ ቢመታ ከቆላው ያገኛል፤ ቆላው በድርቅ ቢከዳው ከደጋው ገብስ ይቀምሳል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን አልጣለም።

በቆላ ማደርን ግን ይፈራ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ለመያዝ የሚጣደፈው የቆላ አየር ንዳድ ያመጣል ብሎ ስለሚያምን ነው። በምክንያቱ ተሳስቷል፤ በድርጊቱ ግን ልክ ነበር። ንዳድ ያለው በሽታ ወባ ነው፤ የምታስተላልፈውም ትንኝ በአብዛኛው የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የወባው ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ብርቱ የሚባለው ዓይነት ከ18 ዲግሪ በታች ማደግ ያቅተዋል። ስንማረርበት የኖርነው ብርድ ለካ ዘበኛችንም ኖሯል።

ይህ ዘበኛ ሲያንቀላፋ የሚሆነውን ደግሞ አገራችን አይታለች። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. ድረስ ባልተለመደ ሙቀትና ዝናብ የተነሣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው ቦታዎች ወጣች። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ በወባ የተያዘና የዳነ ሰው አካሉ ከፊል መከላከያ ያበጃል፤ የደጋ ሰው ግን ይህ ስለሌለው ወባ ሲይዘው እንደ ሕፃን ይጥለዋል። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ ለሚቀጥለው ታሪክ ያስፈልገናል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎንና ትግራይን በፈጀ ጊዜ የወቅቱ መንግሥት ሕዝቡን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አገር ማስፈር ጀመረ። በዚያና በሚቀጥለው ዓመት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና በጎጃም ክፍለ ሀገር ወደ መተከል ተወሰደ፤ ከሁሉ የሚበዛውም የወሎ ሰው ነበር። ገሚሱ ረኃቡ አስገድዶት በፈቃዱ ሄደ፤ ገሚሱ ግን ተይዞ ተጫነ፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት ጊዜም ነበር። በመተከል የበለስ ሸለቆ፣ ዛሬ ፓዌ በምንለው አገር፣ መንደሮቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም። በቁጥር ነበር የሚጠሩት፤ እስከ አሁንም «መንደር 7» እያሉ የሚጠሯቸው አሉ።

ከደጋ የመጣው ገበሬ በዚያ ያገኘው ሁሉ እንግዳ ነበር። ሣሩ ከሰው ይበልጥ ነበር፤ ሙቀቱ ቀትር ላይ ሥራ ያስፈታል። ወባዋ ያ መከላከያ ባልነበረው አካል ላይ አረፈች። በሬ አስመጥቶ እንዳያርስ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ከብቱን ይፈጃል፤ በሬ የሌለው የላስታ ገበሬ ደግሞ እጁ እንደ ታሰረ ነው። መሬቱም ባዶ ነው ይባል እንጂ ባዶ አልነበረም። ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ እያፈራረቁ የሚያርሱት፣ የሚያድኑበትና ማር የሚቆርጡበት አገር ነበር። ከሰፋሪው ብዙ ሰው በበሽታ ሞተ። ብዙው እየጠፋ በእግሩ ተመለሰ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥም እንዲሁ ብዙ ሕዝብ ወደ ወሎ ጎረፈ። ሲመለስ ያገኘው መሬቱ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። የቀሩትም ኖሩ፣ ተላመዱ፣ ልጅ ወለዱ።

በዚህ ላይ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ጥፋቱ ሰው ወደ ቆላ መውረዱ አይመስለንም፤ ሲወርድማ ኖሯል። ጥፋቱ የመመለሻውን መንገድ መቁረጡ ነው። ሞፈር ዘመት የወጣ ሰው ከኋላው ቤት አለው፤ በአንቶኖቭ ተጭኖ ጋምቤላ የወረደው ግን አልነበረውም። በ1995 ዓ.ም. በክልላችን ወደ መተማና ወደ ቋራ የተደረገው ሰፈራ ችግር አላጣውም፤ ሆኖም ሰፋሪው በፈቃዱ እንዲሄድና በቀድሞ ቀዬው ያለው መሬት እስከ ሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት መደንገጉ ከ1977ቱ ትምህርት እንደ ተወሰደ ያሳያል።

«እንግዲያው ብርዱን በሥልጣኔ ያሸነፉትስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚባለው ክፍል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በጥር ወር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረስ በዚያ አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቤቱ በወፍራሙ የተሸፈነ፣ ማሞቂያው የተዘረጋ፣ መንገድ ጠራጊው መኪና የተዘጋጀ ስለሆነ ኑሮ ይቀጥላል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ሞቃት በምትባለው በቴክሳስ ታላቅ የበረዶ ማዕበል ሲወርድ ግን ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው፤ የግዛቲቱ መንግሥት የቆጠራቸው ሟቾች ብቻ 246 ናቸው። የቴክሳስ ብርድ ከሚኒሶታው የባሰ ሆኖ አልነበረም። የጋዙም የመብራቱም መሥመር ለብርድ አልተሠራም ነበር። ከሟቾቹ መካከል ለመሞቅ ሲሉ በተዘጋ ቤት ባነደዱት ከሰልና ባስነሡት ሞተር ጭስ የታፈኑ ይገኙባቸዋል።

በሌላ በኩል ቆላው ራሱ ወደ እኛ እየወጣ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በ2006 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ተራሮች የተመዘገበውን የብዙ ዓመት የወባ ቁጥር መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታው እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛ ሲሆን እንደሚወርድ አሳይቷል። በሽታውን በእግሩ የሚያወጣው ሰውም አለ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር የተነሣው ከሑመራና ከመተማ የእርሻ ሥራ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። ይህ በሽታ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር በምትኖር፣ ከወባ ትንኝ በምታንስ ዝንብ ይተላለፋል። ትኩሳቱ ይረዝማል፣ ሰውየው ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመ ይገድላል።

ስለዚህ ዘንድሮ ለሰሊጥ አጨዳ የምትወርዱ ወንድሞች አጎበር ሳትይዙ አትሂዱ። ከተመለሳችሁም በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ብርድ ነው፣ ምች ነው እያላችሁ አትቀመጡ፤ ቆላ ደርሳችሁ እንደ መጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። የካላዛር ሕክምና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል።

ለገና የሚመጡትን የቆላ እንግዶቻችንንም እናስብ። ታኅሣሥ 28 ሌሊት ውርጩ በሚበረታበት ወቅት ከራያና ከተከዜ ዳር በእግራቸው የመጡ ምእመናን አንድ ነጠላ ለብሰው ሜዳ ላይ ያድራሉ። ትርፍ ባና ወይም ጋቢ ያለው ያውስ፤ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶችን በየቤታችን እናስገባ። እንግዶቹ እንዲሞቃቸው ብለን የምናቀርበው የከሰል ምድጃ ግን በደንብ ፍም ሳይሆን ወደ ቤት አይግባ፤ ከገባም በሩ ገርበብ ይበል፤ ሰው ጋደም ሲል ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ።