የዛገ የባሌስትራ ብሎን ያለ ጉዳት ስለ መፍታት

ከቱነይድባና ከገዳሪፍ ሜዳ አንሥቶ እስከ መተማና እስከ ሑመራ ድረስ ያለው መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ እየተሰነጠቀ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በክረምት ዝናም ሲወርድበት ግን እንደ ሊጥ ሆኖ ከመኪና ሆድ ሥር ይለጠፋል። በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. በቱነይድባ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች መጠለያ በተከፈተ ጊዜ፣ እህሉም ሆነ በሽተኛው የሚጓጓዘው በዚሁ አፈር ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር በመንገድ ላይ የሚሰበር አንድ ብሎን የባለ መኪናው ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ክረምት ሳይገባ በደጁ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ለምሳሌ የምንወስደው በ1948 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበውንና በባሌስትራ የሚሄደውን አሮጌውን ላንድ ሮቨር ነው። የዚህ መኪና አካል በአብዛኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ሆነ እንደ ብረት አይዝግም፤ ባለቤቱም የላዩን ደኅንነት አይቶ ይታለላል። ሻንሲው፣ ባሌስትራውና ብሎኖቹ ግን ብረት ናቸው። ጭቃው በመካከላቸው እርጥበት ይዞ ሲቆይ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገትም ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ብሎኑን በቀዳዳው ውስጥ አጣብቆ ይይዘዋል። እንግዲህ የሚይዘን የብሎኑ ጥብቀት ሳይሆን ዝገቱ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በጉልበት ብቻ የሚታገለው ሰው ወይ ብሎኑን ይቆርጣል፣ ወይ ራሱን ይጎዳል።

አንደኛ፤ ከሥራው አስቀድሞ ለሕይወት መጠንቀቅ ይገባል። መኪናው በደልዳላና በጠንካራ ቦታ ይቁም፤ መሬቱ ዋልካ ከሆነ ከክሪኩና ከመደገፊያው በታች ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍ። በመሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ይታገዱ። ክሪክ የማንሻ እንጂ የመደገፊያ መሣሪያ አይደለም፤ ስለዚህ ሻንሲው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ሳያርፍ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ። ብሎኬትም በድንገት ስለሚፈረካከስ መደገፊያ ሊሆን አይችልም። ሻንሲው ከተደገፈ በኋላ አክስሉን በክሪክ ይዞ፣ ባሌስትራው ሸክም እስኪቀልለት ድረስ ማስተካከል ነው።

ሁለተኛ፤ ጭቃውንና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጥርቶ፣ በዳዶውና በብሎኑ ራስ ዙሪያ ዝገት የሚፈታ ዘይት ማጠጣት ነው። ይህንንም ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ጧትና ማታ መደጋገም ይጠቅማል። የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይትና አሴቶን እኩል ተቀላቅለውም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ነገር ግን አሴቶን በቶሎ እሳት የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ሲጋራም ሆነ ማናቸውም ነበልባል በአጠገቡ አይኑር።

ሦስተኛ፤ የዚህ መኪና ብሎኖች በኢንች የተለኩ ናቸው። በሚሊሜትር የተለካ ቁልፍ የሚገጥም ቢመስልም ማዕዘኑን ይበላዋል። ስድስቱንም ጎን የሚይዝ ቁልፍ ተመርጦ፣ ዳዶው በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ይዙር፤ ዝገቱ የሚሰነጠቀው በዚህ መመላለስ ነው።

አራተኛ፤ ዳዶው በወጣ ጊዜ ብሎኑን በመዶሻ ለማውጣት አይቸኮል። ባሌስትራውን ከሚያንጠለጥሉት ሁለት ብረቶች አንደኛው ራሱ ጥርስ የወጣለት ስለ ሆነ፣ ብሎኑ እየተዞረ እንጂ እየተመታ አይወጣም። ይህን የማያውቅ ሰው በመዶሻው ጥርሱን ያበላሻል። ብሎኑ ጥቂት ዞሮ እንደ ላስቲክ ወደ ቦታው የሚመለስ ከሆነ፣ ከጎሚኒው ውስጠኛ ቱቦ ጋራ በዝገት ተጣብቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ በጎሚኒውና በማንጠልጠያው መካከል በሴጌቶ ከሁለቱም ወገን ቈርጦ፣ ብሎኑንም ጎሚኒውንም በአዲስ መተካት ይሻላል። በእሳት ማጋል ዳዶውን እንደሚያላቅቀው እርግጥ ነው፤ ሆኖም በአጠገቡ ጎማ፣ የፍሬን ቧንቧና የነዳጅ ታንክ ስላሉ፣ ይህ በጋራዥ ላለ ባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

አምስተኛ፤ አዲሱ ብሎን በውፍረት፣ በጥርስና በብርታት ከአሮጌው ጋራ አንድ ይሁን። ስለዚህ አሮጌውን ሳይጥሉ ወደ መደብር ይዞ መሄድ ይገባል። ብረቱ ጥቂት ግራሶ ይቀባ፤ ግራሶው ግን ጎማውን ስለሚጎዳው እንዳይነካው ይጠንቀቁ። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው መኪናው ወርዶ በጎማዎቹ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖርና በቶሎ ይቀደዳል።

ይህ ሁሉ ሥራ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል። በበጋ ሦስት ቀን ዘይት ሲያጠጣ የሚታገሥ ሰው፣ በክረምት ከዋልካው መካከል በሽተኛ ጭኖ አይቆምም።