ከዝግባው የቀረው ግማሽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምዕመናን፣ በዚህ የጾም ወራት ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ አንድ እንጨት ቆራጭ የነገረንን እስቲ አብረን እንመልከት (ኢሳ. 44፥14-20)።

ሰውየው ወደ ዱር ሄዶ ዝግባ ይቆርጣል። ይሄ በአገራችን ዝግባ ብለን የምንጠራው ዛፍ አይደለም። መጻሕፍት «አርዘ ሊባኖስ» የሚሉት፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ መዓዛው ደስ የሚል፣ በቀላሉ የማይነቅዝ የሊባኖስ ተራራ ዛፍ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ለመሥራት 30,000 ሰዎች መድቦ በየወሩ 10,000ውን በተራ ወደ ሊባኖስ ይልክ ነበር (1ነገ. 5፥13-14)። የቤተ መቅደሱም ውስጥ ድንጋዩ እስከማይታይ ድረስ በዝግባ ተለበጠ።

ያ ሰው ታዲያ ይህን የከበረ እንጨት ምን አደረገው? ግማሹን ፈልጦ አነደደው። ዳቦ ጋገረበት፣ ሥጋ ጠበሰበት፣ በልቶ ጠገበ፣ እሳቱንም ሞቀ። ማገዶ ማንደድ ኃጢአት አይደለም፤ ዛፉን በዝናብ ያሳደገው እግዚአብሔር ለሰው ጥቅም ሰጥቶታልና። ጥፋቱ የመጣው ከእሳት በተረፈው ግማሽ ነው። ጠርቦ ጣዖት አደረገው፤ ከፊቱም ወድቆ ሰገደለት፤ እንዲያድነውም ለመነው!

ልብ በሉ፤ አመድ የሆነውም የተሰገደለትም አንድ ግንድ ነው። ነቢዩን ያሳዘነው ሰውየው «ግማሹን እኮ አሁን አንድጄዋለሁ፤ ታዲያ ይሄ የቀረው እንዴት አምላክ ይሆነኛል?» ብሎ ራሱን አለመጠየቁ ነው።

እኛስ? «ለእንጨት አንሰግድም» እንል ይሆናል። ግን እስቲ ገንዘባችንን እንመልከት። ግማሹን ጤፍና ከሰል እንገዛበታለን፤ አገልጋያችን ነው ማለት ነው። የቀረውን ግን ስናስበው እናድራለን፤ በእርሱ ምክንያት ከወንድማችን ጋር እንጣላለን፤ ክፉ ቀን ቢመጣ እርሱ ያድነናል ብለን እንመካበታለን። ይሄ ከዚያ ሰው በምን ይለያል? ያ የሊባኖስ ደን እንኳ በዘመናት ቆረጣ ተመናምኖ ቀርቷል። ከታወቁት ቀሪ ሥፍራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በጥበቃ ላይ ይገኛል። የማያልቅ የመሰለን ሁሉ ያልቃል።

ጾም ይህን ጥያቄ ራሳችንን የምንጠይቅበት ጊዜ ነው። ሳንበላ ከዋልነው ምሳ የተረፈችውን ሳንቲም ለተራበ ስንሰጣት፣ ጌታ ልትሆንብን የነበረችው ተመልሳ አገልጋይ ትሆናለች። ነቢዩ እንደተናገረው የሊባኖስ ደን በሙሉ ቢነድ ለእግዚአብሔር መሥዋዕት አይበቃም (ኢሳ. 40፥16)። እርሱ ከእኛ የሚሻው ትሑትና የተሰበረ ልብ ነው (መዝ. 50)።

እንግዲህ ዛሬ እሳት ስታነዱ ያን ሰው አስቡት፤ በእጃችሁ የቀረውንም መርምሩ።

አምላከ ቅዱሳን ልቡናችንን ያብራልን፤ ጾሙንም የበረከት ያድርግልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።