ዘይት የሚያፈስ ኦይል ኩለር፦ አልፎ መሥራት መቼ ይቻላል?

ኩሬ ለማስቆፈር፣ እርከን ለማሠራት ወይም መንገድ ለማስጠረግ አሮጌ ባለ ሰንሰለት ትራክተር የሚከራዩ ወይም በይዞታቸው ያላቸው አጥቢያዎች አሉ። ክረምቱ ሳይገባ ቁፋሮው እንዲያልቅ በሚጣደፉበት ሰሞን መካኒኮች ኦይል ኩለር የሚሉት የዘይት ማቀዝቀዣ ማፍሰስ ቢጀምር፣ ለሰበካ ጉባኤው «መለዋወጫው እስኪገኝ ማቀዝቀዣውን አልፈን እንሥራ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ሥራውን የሚሠራው ባለሙያው ነው፤ ገንዘቡ ግን የምእመናን ስለሆነ ውሳኔው ከጉባኤው ይጠበቃል። ስለዚህ አንፈቅድም ወይም እንፈቅዳለን ከማለታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይገባናል።

የማቀዝቀዣው አገልግሎት

የሞተር ዘይት ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ ይለያል፤ ከፒስተኑና ከብሮንዚኑም ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ከመጠን በላይ ሲቀጥን በብሮንዚኑና በኮሎው መካከል የሚኖረው ስስ ሽፋን ይሳሳል። ከዚህም በላይ፣ ሙቀቱ ከተገቢው መጠን ካለፈ በኋላ በየ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጭማሪ ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል።

ባለ ሰንሰለት ትራክተር ደግሞ ቀስ እያለ ከባድ ሥራ የሚሠራ ነውና እንደ መንገድ መኪና በጉዞው ነፋስ አይታገዝም። በደጋው ምድር ሌላም ጉዳይ አለ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በመሆኑም የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይይዝ ከሆነ ሞተሩ ለሙቀት ያለው ትዕግሥት አጭር ነው።

ፍሳሹን መለየት

ማቀዝቀዣው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከራዲያተሩ ጋር ቆሞ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ፍሳሹም ከውጭ ይታያል። ሁለተኛው በሞተሩ ጎን ተቀምጦ በውኃ ይቀዘቅዛል፤ የዚህ ፍሳሽ ስውር ነው። ሞተሩ ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከውኃው ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ራዲያተር ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን የዘይቱ ግፊት ወዲያው ሲወድቅ የሞቀው ውኃ ግፊት ይቆያል፤ ያን ጊዜ ውኃው ወደ ዘይቱ ይሻገራል፤ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና ይመስላል።

ይህ ምልክት ግን ከተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም ከተሰነጠቀ ቴስታታም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ተፈትቶ፣ አንዱ ወገን በታፖ ተደፍኖ፣ በመጠነኛ የአየር ግፊት ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይፈተን። አረፋ ካልወጣ ችግሩ ሌላ ዘንድ ነው፤ አልፎ ማገናኘቱም ምንም አይፈይድም።

ማለፍ ማለት መድፈን አይደለም

በብዙ ሞተሮች ዘይቱ ከፖምፓው ወጥቶ ወደ ብሮንዚኖች የሚደርሰው በማቀዝቀዣው በኩል አልፎ ነው። መግቢያውና መውጫው በታፖ ቢደፈኑ የዘይቱ መንገድ ሊዘጋ፣ ሞተሩም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊነክስ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ መግቢያውን ከመውጫው ጋር ማገናኘት ነው። የሚያገናኘው ቱቦ የትኩስ ዘይትን ሙቀትና ግፊት የሚችል፣ የውስጥ ስፋቱም ከቀድሞው የማያንስ ይሁን። የራዲያተር ማኒኮቶ በፋሼታ አስሮ ለዚህ ማዋል አደገኛ ነው።

በውኃ የሚቀዘቅዘው ከሆነ የውኃው ወገንም አይረሳ። በአንዳንድ ሞተሮች ውኃው ከፖምፓው ወደ ሞተሩ አካል የሚገባው በዚሁ ማቀዝቀዣ በኩል ስለሆነ፣ እርሱም እንደ ዘይቱ መገናኘት እንጂ መደፈን የለበትም።

ዘይትና ውኃ ተቀላቅለው ከነበረ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጡ፤ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ያለ ጭነት ከሠራ በኋላ እንደ ገና ይለወጡ። የውኃው መስመር በማጽጃ ይታጠብ፤ ዘይት ያበጣቸው ማኒኮቶዎችም ይቀየሩ። የወጣው ዘይት በበርሜል ይጠራቀም እንጂ ወደ ምንጭ፣ ወደ ጠበልም ሆነ ወደ እርሻ አይፍሰስ።

ፈጽሞ የማይፈቀድበት

ማቀዝቀዣው የቶርክ ኮንቨርተርን ዘይት የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ማለፍ አይገባም። ቶርክ ኮንቨርተር ጭነት በገፋ ቁጥር ከሞተሩ ኃይል ቀላል የማይባለውን ክፍል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ያም ሙቀት መውጫ ካላገኘ ካምቢዮውን ያበላሻል። በፍሪሲዮንና በተራ ካምቢዮ የሚሠራ አሮጌ ትራክተር ግን ይህ ጭንቀት የለበትም፤ የሚታሰብለት የሞተሩ ዘይት ብቻ ነው።

የሞተሩ ዘይት ሲሆንም ፈቃዱ ገደብ ይኑረው። ሥራው ቀለል ይበል፤ በማለዳና በማታ ቢሆን ይመረጣል፤ በየመካከሉም ሞተሩ ያለ ጭነት እየሠራ ይረፍ። ብዙ አሮጌ ትራክተሮች የዘይት ሙቀት ጌጅ የላቸውም፤ ስለዚህ ኦፕሬተሩ የዘይቱን ግፊት ይጠብቅ። ሞተሩ ሲሞቅ ግፊቱ ከልማዱ በታች ከወረደ ሥራው በዚያው ሰዓት ይቁም። የሙቀት ጌጅ ካለ ደግሞ 120 ዲግሪ የማይታለፍ ወሰን ይሁን።

ለጉባኤው ውይይት

ከውሳኔ በፊት አራት ጥያቄዎች ለባለሙያው ቀርበው መልሳቸው በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እንመክራለን።

1. የሚያፈሰው ማቀዝቀዣው ራሱ መሆኑ በፈተና ተረጋግጧል?
2. የሚያቀዘቅዘው የሞተሩን ዘይት ነው ወይስ የቶርክ ኮንቨርተሩን?
3. ዘይቱም ውኃውም ተገናኝተዋል ወይስ ተደፍነዋል?
4. ማቀዝቀዣው ተጠግኖ የሚመለሰው በየትኛው ቀን ነው? ገንዘቡስ ተመድቧል?

ከአራቱ በቀላሉ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ትራክተሩ ያለ ማቀዝቀዣ ሲሠራ የታየ እንደ ሆነ ጥገናው ከሳምንት ወደ ሳምንት ይተላለፋል፤ ለማቀዝቀዣ ጥገና ያልወጣው ገንዘብ በኋላ ለሙሉ ሞተር ዕድሳት ይጠየቃል። ቀኑ ያልተቆረጠለት ከሆነ ፈቃዱ ባይሰጥ ይሻላል።